ድስት የተደረደረበት ክፍል

ለተወደድሽ እህቴ ለእትዬ የሺሀረግ፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽና ለደጅሽ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ክረምቱን ቻለው ወይስ እንዳስቸገረሽ ነው? የዓይንሽስ ሞራ ተገፈፈልሽ? እስኪገፈፍ ይህን ቲጂ ታንብብልሽ። እኔ ጌታ ይመስገን ሰውነቴ ደህና ነው። የተቃጠለው አንጀቴ ነው፤ ያቃጠለውም ልጅሽ ጌዲዮን ነው። በስልክ ብጀምረው መጮኼ አይቀርም ብዬ በእጄ ጻፍኩት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

እዚህ አገር ቶርኔዶ የሚሉት ነፋስ አለ። እኛ ዘንድ አቧራ እያዞረ የሚሄደውን አውሎ ነፋስ አስቢ፤ የዚህኛው የሚያዞረው ጣራ ነው። ሲመጣ ከተማው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባውን፣ ሳይረኑን ያስጮኻል፤ ያኔ ሰው ከመሬት በታች መስኮት የሌለው ጠንካራ ክፍል ይገባል። የቤተ ክርስቲያናችን ቤዝመንት እንዲህ ያለ ክፍል አለው፤ ዙሪያውን ኮንክሪት ነው። ከከተማው የመጣ ሰው አይቶ፣ የብረት በር ግጠሙለትና ባዶውን አስቀምጡት ብሎን ነበር። እኛ ግን የሠርግና የለቅሶ ድስት ሞልተንበታል።

ሳይረኑ በፈረንጅ ወር የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ለሙከራ ይጮኻል። የእኛም ጾም ጸሎት ረቡዕ በዚያው ሰዓት ነው። ስንት ዓመት እሱ ሲጮኽ እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጸለይ ለምደናል። ባለፈው ወር በሦስተኛው ረቡዕ ጮኸ። ይህስ ሙከራ አይደለም ብዬ ተነሳሁ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እህተማርያም፣ አባባ ደረሰ፣ ረቡዕ አይደል እንዴ፣ ይቀመጡ እንጂ አለችኝ። ልጅሽ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኗልና መድረኩ ላይ ቆሞ እጅ ለእጅ ተያያዙ አለ፤ ያውም በዚያ ሰፊ አዳራሽ፣ ነፋስ ቢመጣ ጣራው መጀመሪያ በሚሄደው።

እኔ ልጆቹን ሰብስቤ ወረድኩ። የልጅ ልጅሽ ሶሲ በእንግሊዝኛ፣ ሙከራ ነው እያለች ታስተምረኛለች። በሩን ብገፋው ገርበብ ብሎ ድስት ላይ ቆመ። ሦስት ትንንሾች ሾለኩ፤ ሶሲና ሌሎቹ ኮሪደር ላይ ቀሩ። የቀሩትን ግድግዳ ሥር አስተኝቼ ላያቸው ላይ ጎነበስኩ። እትዬ፣ ድስት ተጠልሎ ልጅ ውጭ ቀረ። ነፋሱ የፓርኪንጉን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ አለፈ።

እሑድ ጌዲዮን ተነስቶ፣ በጸሎታችን ነፋሱ ተመለሰ ብሎ መሰከረ። እኔም አሜን ብያለሁ፤ የጌታን ሥራ አልካድኩም። ከዚያ ክፍሉ ይለቀቅ ብል፣ ጋሼ እምነት ይኑርዎት አለኝ። አንተስ መኪናህን ቆልፈህ አይደል የምትጸልየው አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ክፍሉ ግን እንደነበረ ነው። እህተማርያምም፣ ታዲያ ድስቱን የት ልጣለው፣ ነገ ለቅሶ ቢመጣስ አለች። እኔ የምለው ለቅሶው እንዳይመጣ ነው ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ከራሴ ልጀምር ብዬ የሟች ባለቤቴን ሁለት ድስቶች ተሸክሜ ቤቴ ወሰድኩ፤ ሰው ይከተለኛል ብዬ። በሳምንቱ ብሄድ በለቀቅኩት ቦታ ወንበር ደርድረውበታል።

እኔ መለመን እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ጌዲዮን ግን ያንቺን ቃል መሬት አይጥልም። ደውለሽ፣ ያ ክፍል እስኪለቀቅ ሶሲን እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳትወስዳት በይው። ከእኔ እንደሰማሽ አትንገሪው ልልሽ ነበር፤ አይ፣ ንገሪው። አጎትህ አቅቶት እኔ ዘንድ ከሰሰህ በይው። ይሳቅብኝ። በሩ ግን እስከ ጥጉ ይከፈት።

ቲጂ ስላነበበችልሽ ትባረክ። ባሏን ገመቺስን በጣም ናፍቄሃለሁ በይልኝ። ሕፃኑን አቤኔዘርን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ጥርስ አወጣ? ጎረቤትሽን አቶ ኤጀታንም ከነቤተሰባቸው ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ደረሰ
ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.