በመጽሐፌ የገደልኩት ልጅሽ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ? ዛሬም ደረጃውን እያቃሰትሽ ነው የምትወጪው ወይስ ምድር ቤት ያለውን ክፍል አገኛችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔን ብቻ ይቆጠቁጠኛል። «ልጄ ከግንባር በሕይወት ገባ» ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በደስታ ነው ብልሽ በወደድኩ።

ስትደውዪልኝ ማተሚያ ቤት ሆኜ የልቦለዴን የመጨረሻ እርማት እያነበብኩ ነበር። ዜናውን ስናገር መጽሐፍ ጠራዧ ሴትዮ እጇ ላይ ሙጫ እንዳለ አቅፋኝ እልል አለች። የእሷ ባል ገና ከግንባር አልተመለሰም። እኔ ግን፣ እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። የመጽሐፉ ወታደር ልጅሽ ነው፤ ጥፍር መንከሱ፣ ጫማውን ሳይፈታ መተኛቱ ሁሉ የእሱ። መጨረሻ ላይ ይሞታል። ድምፁ በጠፋባቸው ወራት አንቺ ደጅ ደጁን ስታዪ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አሟሟቱን አሳምር ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሳካልኝ እጄን አፋትጌ ሻዬን ፉት እል ነበር።

በማግስቱ እሱ ራሱ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ መጽሐፍህ ውስጥ አለሁ አሉ፤ እንዳታዋርደኝ፣ ቆንጆ ሚስት ስጠኝ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ እንደ ድሮው አይጨርሰውም። «መስመሩ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁበት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

አሳታሚው ዘንድ ሄጄ «ልጁን ላኑረው» አልኩት። «አንተ ሰው፣ ሞቱን ካወጣህበት ምን ይቀርሃል? ይህ መጽሐፍ ዘመን የሚሻገረው በእሱ እኮ ነው» አለኝ። ከእኔ በኋላ የሚቆይ ነገር መጻፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበገበኝ ምኞት መሆኑን ታውቂያለሽ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረው፤ እንዲቆጥርልኝም ነበር ዝም ያልኩት።

መጽሐፉ ወጥቷል። ያነበበው ሁሉ «አስለቀስከን» እያለ እጄን ይጨብጠኛል። ጠራዧ ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች አላነበበችም፤ «የእኔው እስኪገባ ይቆየኝ» አለችኝ።

ከሰው አፍ ሳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ባልሽን፣ አማትሽን፣ ያቺን ለፍላፊ ልጅሽንም ሳሚልኝ። ለእሱ ግን ሰላምታ አልልክም። መጽሐፉን ይዤ መጥቼ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ አንብቦ እስኪጨርስም ፊቱ እቀመጣለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን