ከማዶ ያለው ወንበር

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ
ቤቴል ከምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ስመለስ የተረፈ ጂፕሰም ይዤ ገባሁ። ጠዋት ጥርስ ስሠራበት ነበር፣ ከሰዓት ኮረብታ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ወንዝ፣ ሁለት ጫካ፣ አንድ የፈረሰ ቤት... ሁሉንም በሜትር ለካሁ። ለጦር ጨዋታዬ ከአውራ ጣት የማይበልጡትን የፕላስቲክ ወታደሮች በሁለት ወገን አሰልፌ ብቻዬን ለሁለት ተጫወትኩ። ቀዮቹ አሸነፉ። እኔ ጋ ያሉት።

ታኅሣሥ 20
እንደገና ቀዮቹ። አምስተኛ ጊዜ። ሰማያዊዎቹን ሆን ብዬ ሳግዛቸው እንኳ! መሸሸጊያው እኩል ነው፣ ርቀቱ እኩል ነው... ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?
የጨዋታ ጓደኛዬ ሌሊሴ እዚህ ብትኖር "አላልኩሽም?" ትል ነበር። አስኮ ነች እኮ፣ ሁለት ታክሲ። ባል አገባች፣ ራቀች እያልኩ ለሰው አወራለሁ። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የቀረችው በጨዋታው ከተጣላንበት ቀን ወዲህ ነው። "ቦታው ላንቺ ያዳላል" አለች። መሸነፍ ልመጂ አልኳት። ስምንት ወር ሆነው።

ታኅሣሥ 23
ማንም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና
የግቢያችን ሽማግሌ ጋሽ ነገሬ ቅርጫ ካልገባሽ ብለው በማለዳ አንኳኩ። ብቻዬን ነኝ፣ ምን አደርገዋለሁ ብላቸው፣ ከኛ መደብ ግማሹን ትወስጃለሽ አሉ። ሥጋውን የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ቅጠል ላይ አሥር መደብ፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ጣል ጣል። ሲጨርሱ ዞረው ከማዶ ቁጢጥ አሉና አዩት። ከአንዱ ቀንሰው ሌላው ላይ ጨመሩ። ለምን እንደዞሩ ጠየቅኳቸው።
"ከቆምሽበት በኩል ያለው ሁሌ ያነሰ ይመስልሻል። ሳታውቂው ትጨምሪበታለሽ።"
ለዕጣ ሁሉም ምልክቱን ሰጠ፤ ቁልፍ፣ ስንጥር... የኛን እኔ እንድሰጥ ተባልኩ፣ ኪሴ ውስጥ የተገኘው አንድ ሰማያዊ ወታደር። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?
ቤት ገብቼ ወደ ማዶው ወንበር ዞርኩ። የሌሊሴ ወንበር ነበር፣ አሁን ያልታጠበ ልብስ ተከምሮበታል። አነሳሁና ተቀመጥኩ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እዚህ ተቀምጬ አላውቅም ለካ። ኮረብታዎቼ ሁሉ፣ በእጄ የሠራኋቸው ሁሉ፣ በኔ በኩል ተዳፋት፣ በሷ በኩል ገደል ናቸው። የኔዎቹ ይወጣሉ፣ የሷ እታች ይቀራሉ።
ልክ ነበረች። አፈርኩ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ
ትናንት ደወልኩላት። ስለ ኮረብታዎቹ ነገርኳት፣ ይቅርታ አልኳት፣ አስተካክያቸዋለሁ፣ ጎኑን አንቺ ትመርጫለሽ አልኳት። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። የማን ነው? አልኳት። የሷ። ሁለት ወሯ። እኔ መውለዷን እንኳ አላውቅም ነበር።
"ኮረብታሽ ይቆይ" አለች። "ሁሌ እኔ ነኝ የምመጣው። አሁን አንቺ ነይ።"
ወታደሮቹን አልያዝኩም። ለሕፃኗ ሹራብ ገዛሁ፣ ይበቃት ይሆን? ልወጣ ስል ነው ትዝ ያለኝ... ቤቷ ሄጄ አላውቅም። መልሼ ደውዬ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደምወርድ ጠየቅኳት።