ራውተሩን ማን ያጠፋዋል?

ሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዛሬም ጠፋ። ልክ የቅዳሴው ደወል ሲደወል። አጋንኜ አይደለም፤ ያለፈው ዓርብም እንዲሁ ነበር።

የኢንተርኔት መስመሩን ያስገባው ቴክኒሻን ከደብረ ታቦር መጥቶ፣ ራውተሩን መሪጌታ ሳሎን ሰክቶ ሄደ። መሪጌታ የሱቄ አከራይ ናቸው፤ የስልኩ ሽቦ ድሮ የገባው በእሳቸው ቤት ስለሆነ ሌላ ቦታ ማድረግ አልተቻለም። ከዚያ ገመድ ስቦ ለእኔ ኮምፒውተሮች አደረሰልኝ። ሲሄድ የነገረኝ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። መስመሩ አዲስ ነው፣ ፍጥነቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን እንዳታጠፊው፣ በተቋረጠ ቁጥር ችግር ያለ መስሎት ራሱን ዝቅ ያደርጋል አለኝ። ራሱን ዝቅ ያደርጋል? መነኩሴ ነው እንዴ? የሥራውን ጉድለት ሊሸፍን ያመጣት ዘዴ ናት።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መሪጌታ ቤት እየገባሁ ነቅዬ እሰካዋለሁ። ለጊዜው ሻል ይላል።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ዓርብ ያበቃል። ርዕሰ መምህሩን "ልጆቹን ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ አያንከራትቷቸው፣ እኔ ጋ ይሞላሉ" ያልኩት እኔው ነኝ። ያልሞላ ልጅ የማይፈልገው ትምህርት ይደርሰዋል፤ ያ ሁሉ በእኔ አንገት ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

የምጠረጥረው ጌትነትን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ በእሱ ጣራ ጫፍ ላይ ያልፋል። እኔ ኢንተርኔት ካስገባሁ ወዲህ ሰላምታው ቀጥኗል። መስመሩ የሚጠፋውም እሱ በሩን ዘግቶ፣ ነጠላውን ደርቦ "ቅዳሴ ሄድኩ" ሲል ነው። በጓሮ ዞሮ ቢያላቅቀው ማን ያየዋል? አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ዛሬ ሲጠፋ መሪጌታ ቤት ሮጥኩ። ተቆልፏል። እሳቸውም ባለቤታቸውም በፍልሰታ ከቅዳሴ አይቀሩም። ቅዳሴው ወጥቶ ሰው ሲመለስ ኢንተርኔቱም ተመለሰ። ጌትነትም ተመለሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ነገ ደጋግሜ ነቅዬ እሰካዋለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ተጣላን።

ፍጥነቱ ከትናንቱም ባሰ። ገጹ ግማሽ ድረስ ይመጣና ቀጥ ይላል። ከቤተ ልሔም መንደር ጭቃውን አቋርጠው የመጡ ሁለት ተማሪዎች ቁጭ ብለው ጠብቀው ጠብቀው ሳይሞሉ ሄዱ። አንደኛዋ አመስግናኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። ጌትነት በሩን ሲዘጋ ሄጄ መንገድ ላይ ቆምኩበት። "በጾም የሰው ሽቦ መቁረጥ አይከብድህም?" አልኩት፣ ሰው እየሰማ። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። "አንቺንም በጸሎት አስብሻለሁ" ብሎኝ ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ በልቤ።

እሱ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

እጅ ከፍንጅ ልይዘው ጃንጥላ ዘርግቼ ሱቄ በር ላይ ቆምኩ። ጌትነት ዘጋ፣ ነጠላውን ደረበ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ወደ ጓሮ አልዞረም። ሽቦው ላይ ወፍ እንኳ አላረፈችም። ገባ ብዬ ኮምፒውተሩን ሳይ ኢንተርኔቱ ጠፍቷል።

መሪጌታ ቤት ስደርስ መቋሚያቸውን ይዘው በሩን ሊቆልፉ ነው።

"መሪጌታ፣ ራውተሩ ጠፋብኝ" አልኳቸው።

"አልጠፋም፣ እኔ አሳርፌው ነው" አሉኝ፣ ረጋ ብለው። "አንቺ ጠዋት ጠዋት ስትነቅይው አይደል የሚሻለው? ድካሙ ይውጣለት ብላ ነው ብዬ፣ ቅዳሴ ስንሄድ እነቅልልሻለሁ። ስንመለስ እሰካዋለሁ። ደግሞ ባዶ ቤት ኮንታክት ቢፈጥርስ፣ ልጄ?"

ምስጋና ይጠብቁ ነበር መሰለኝ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቴክኒሻኑ ያለውን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፤ እኔም አላመንኩትማ። አሁን ነገርኳቸው። "እንግዲያውስ ይብራ፣ ቤቱን ይጠብቅ" ብለው ተመልሰው ሰኩትና ሄዱ።

ቅዳሴው ሲወጣ ጌትነት ጋ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ ከመንገድ ተመለስኩ። እፍረት አለ። ደግሞስ መሪጌታ ነቀሉት ማለት እሱ ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው? እስኪ ነገን ልይ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

አልነካሁትም። እጄን እየበላኝ። ገጹ ሲንቀራፈፍ ወደ መሪጌታ ቤት እነሳለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ።

ገበያው ሞልቷል፣ ሱቄም ሞልቷል። የረቡዕዋ ልጅ ተመልሳ መጣች። ሕክምናን አስቀድማ ሞላች፤ ተላከላት። የቅዳሴው ደወል ሲደወል ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥኩ። አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ጭራሽ ተሻለ፤ ቴክኒሻኑ ለካ እውነቱን ነበር።

ሱቁ ገና በሰው እንደሞላ ጌትነት ገባ። ታናሽ እህቱን ይዞ። ዘንድሮ መፈተኗን እንኳ አላውቅም። "ሙይላት" አለኝ። ሞላሁላት፤ አንዱን ምርጫ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ምርጫዋ መላኩን የሚገልጸው ጽሑፍ ሲመጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ሽቦሽን ብቆርጠው ኖሮ እሷ የት ትሞላ ነበር?"

ከእኔ በቀር ማንም እንዳይሰማ አድርጎ ነው ያለው። እኔ መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት ነበር የተናገርኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብድግ አልኩና "ጌትነት፣ ሽቦዬን አልነካህም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት፣ ጮክ ብዬ። እህቱ እያየችው ነበር። እሱ ነጠላውን አስተካከለና እህቱን ይዞ ወጣ።

ነገ በሩን ሲከፍት ሰላም ይለኝ እንደሆነ እንጃ። ባይለኝም ቀድሜ እላለሁ።