የምሥራቅን ልጅ ያጠባሁበት ነሐሴ

ነሐሴ 4
ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ ቤታቸው ታጉረዋል። ጡት ያልጣለች ልጄን ሶስናን አዝዬ ጎረቤቴን ምሥራቅን ልጠይቅ ገባሁ። ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ወንድ። “አባቱን ቁርጥ ነው” አልኳት። “ኧረ አፍንጫውን እንኳ እግዜር ያስተካክልለት!” አለች። ባሏ አዳም ሰማ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የልጁን ጨርቆች አጥቤላት ወጣሁ። የት ይደርቃሉ ግን?

ነሐሴ 6
ምሥራቅ የገንፎ ዱቄት አልቆባታል። ነገ ወፍጮ ቤት እሄድላታለሁ። ባሌ አረጋ በቅሎዎቹን ይዞ ላሊበላ እንደወረደ ነው። በዚህ ዝናብ የሚቀመጥባቸው እንግዳ ይገኝ ይሆን?

ነሐሴ 7
ምሥራቅ ሞተች።

ነሐሴ 8
ልጻፈው...

ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ሶስና ጀርባዬ ላይ። ድምፁን ስሰማ ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ከአሸተን ተራራ በታች ያለው ተረተር ተንዶ ወርዷል። የኛ ቤት አንድ ግድግዳው ተሰነጠቀ። የምሥራቅ ቤት... የለም። ጭቃና ድንጋይ ብቻ። ዱቄቷን ታቅፌ ቆምኩ።

የፍልሰታን ቅዳሴ ያስቀደሰው ሰው ከአሸተን ማርያም እየሮጠ ወረደ። አዳምም አብሮ። እህል ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን እንደታጠቁ በእጃቸው ቆፈሩ። ባለሱቁ ሸዕባን ሱቁን ዘግቶ አካፋና ዶማ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ መንገዱ ካለቀበት ደግሞ ተሸክሞ። ቄስ ተክለ ሚካኤል ድንገት “ዝም በሉ!” አሉ። ዝም አልን። ሕፃን... ሕፃን ያለቅሳል!

ምሥራቅ ልጇ ላይ እንደተደፋች ነው የተገኘችው። እሷ ቀዝቅዛለች። እሱ ግን ከሥሯ...

አንዲት ሴት እጄ ላይ አስቀመጠችው። “አጥቢው! ምን ታያለሽ፣ አጥቢው እንጂ!” ጭቃውን ከአፉ ጠረግሁለት። ያዘ። አምላኬ... ጡቴን ያዘ።

ነሐሴ 10
ለቀስተኛው ሁሉ “ተመስገን በይ፣ አንቺስ ተረፍሽ” ይለኛል። አዳም እዚያው ተቀምጦ! እንዴት ብዬ ነው የምለው? ከሷ በምን በለጥኩ?

ነሐሴ 16
ፍልሰታ ተፈታ። አረጋም ወሬውን ሰምቶ ተመልሷል። ከናዳው ሥፍራ ወጥተን አማቴ ቤት ገብተናል፤ አዳምንም ይዘነው። የማርያም ማኅበርተኞች ለድግሳቸው ያዋጡትን እህል እንዳለ ለሱ አመጡለት። “ማርያም ዘንድሮ ድግሷ ይኼ ነው” አሉት። ቤት ሊሠሩለትም ድንጋይ እየለቀሙ ነው።

ልጁን ግን አያይም። ሳጠባው ተነሥቶ ይወጣል። “አያ አዳም፣ ልጅህ እኮ ነው” አልኩት። “እሱን ሳይ እሷን ነው የማየው” አለኝ።

ነሐሴ 23
ቄስ ተክለ ሚካኤልን ጠየቅኋቸው። “አባ፣ ማመስገን አቃተኝ። እሷ ሞታ እኔ ተረፍኩ ብዬ?” ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። “እኔም አልገባኝም፣ ልጄ” አሉኝ። ቄሱ! ዓይናቸው እንባ ሞልቶ...
“ወተት አለሽ?”
“አለኝ፣ አባ።”
“እንግዲያው አጥቢ። ለጊዜው ምስጋናሽ እሱ ይሁን።”

ጳጉሜ 2
ሶስና በአንዱ ጡት፣ እሱ በሌላው። ደክሞኛል... አዳም ዛሬ አልወጣም። ቆሞ ሲያይ ቆየና “እስቲ ወዲህ በይው” አለ። አያያዙን አያውቅም! “አንገቱን ደግፈው፣ አንገቱን!” አረጋ ጮኸበት።

መስከረም 5
ክርስትና ተነሣ። የክርስትና አባቱ አረጋ ሆነ። ሸዕባን ነጭ ልብስ ገዝቶለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሲጠብቀን ቆየ። “ማሻላህ፣ ይደግ” አለ።

ቤት ስንመለስ አዳም ልጁን አቅፎ ተቀመጠ። አንገቱን ደግፎ። አሁን የሚያሳየው ሰው አያስፈልገውም። ልጁን አየው፣ አየው... ከዚያ ቀስ ብሎ “ተመስገን” አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

“አንቺም በይው እንጂ፣ የትናየት። ለኔ ብለሽ እንደተውሽው ያላወቅሁ መሰለሽ?”

ያስተዋለኝ አልመሰለኝም ነበር። በዚያ ሁሉ ሐዘኑ መሀል...

አልኩት። እያለቀስኩ፣ እፊቱ፣ ጮክ ብዬ አልኩት።