ክንዱ ለትርኢቱ ሲጠበቅ

መስከረም 14 ቀን 1951 ዓ.ም.

አናጢው መጣ። ጣሊያን ትቷቸው የሄዳቸው አግዳሚ ወንበሮች እግራቸው ተበልቷል... እስከ ጥቅምት አደርሳለሁ ብሏል። የአዳራሹ ጣራ አሁንም ያፈሳል። ዘንድሮ ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያበቃው? መስቀል ሊደርስ ነው፣ እሱ ገና ይዘንባል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደኢየሱስ ጠሩኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየሁም። ሦስት የሙዚቃ ትርኢት ይኖረናል አሉ። አንደኛው ጥቅምት 23፣ ለዘውድ በዓል። ሁለተኛው በሳምንቱ። ሦስተኛው ኅዳር 7፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። የሠራዊቱ ማርሽ፣ የተማሪዎች መዘምራን፣ አንድ ስመ ጥር ማሲንቆ። ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

"ቆላ ድባ አካባቢ ክንዱ የሚሉት አዝማሪ አለ አሉ። ታውቀዋለህ?"

"ስሙን ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

ስሙን ሰምቻለሁ... የእናቴን ልጅ።

መስከረም 15

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። አባቴ አዝማሪ አላምረው ነበር። ሲሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ ክንዱ አሥራ አምስት። እኔን መምህር ሐብተ ማርያም ለቤተ ክህነት ትምህርት ወሰዱኝ። ክንዱ ማሲንቆውን ወሰደ። በመምህሩ ስም ዳኛው ሐብተ ማርያም ተባልኩ። ቁም ጽሕፈት ተማርኩ፣ ጎንደር ገባሁ፣ ተቀጠርኩ። ሰብለ ወንጌልን ለማግባት ስጠይቅ አባቷ መሪጌታው "ዘርህ ከወዴት ነው?" አሉኝ። ከገበሬ ነኝ፣ ሁሉም አልቀዋል አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሰብለም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ሰው አዝማሪን ይስቅለታል፣ ይሸልመዋል... ልጁን ግን አይድርለትም።

መስከረም 18፣ እሑድ

በጭነት ማኪና ቆላ ድባ ወረድኩ። ከዚያ በእግር። ሜዳው ውሃ እንደቋጠረ ነው። ፀሐይ ሳትገባ ቢምቢው መናከስ ይጀምራል።

ክንዱን ደጃፉ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል። አላቀፈኝም፣ እጄን ያዘኝ ብቻ።

"ምነው ዛሬ መንገዱ አልጠፋህም?"

"ለሥራ ነው የመጣሁት፣ አያ ክንዱ።"

ስለ ትርኢቱ ነገርኩት። ደስ ያላት ሚስቱ ናት፣ ጥሩ የምትባለው። እሱ ሲመታ የምታዜመው እሷ ነች። "ጎንደር... አዳራሽ ውስጥ" እያለች ደጋገመችው።

ከዚያ ክንዱ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ከወንዙ ማዶ ንዳድ ገብቷል አለኝ። በአንድ ሳምንት ስድስት ሰው ቀብረዋል።

"ከዚህ ብንወጣ ሸጋ ነበር። እስከ ትርኢቱ አንተ ጋ እንሰንብት። ደጋው ላይ ንዳድ የለም። ለባለቤትህ የፈለግኸውን በላት። ወንድሜ ነው ባትልም አልቀየምህ።"

"ቤቱ ጠባብ ነው" አልኩት። "ጥቅምት 20 ማኪና ይመጣላችኋል።"

"እሺ" አለ።

መስከረም 19

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ ያለው ገብስ ነው።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ማስታወቂያዎቹን ለጠፍን። በገበያው መግቢያ፣ በፖስታ ቤቱ፣ በሐኪም ቤቱ በር። "ክንዱ አላምረው ከነማሲንቆው" የሚለውን በቀይ ቀለም ጻፍኩት። የአባቴን ስም በእጄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሸጋ ጽሕፈት ነው ተባለ።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት በላቸው፣ ቆሞ አነበበው።

"ይሄ ሰውዬ ከደምቢያ ነው?"

"አዎ።"

"በሕይወት ከቆየ ትሰሙታላችሁ።"

በቀን ሠላሳ አርባ ሰው በቃሬዛ ይመጣል አለኝ። ወለሉም ሞልቷል። የሚቀልድ መሰለኝ... አይ፣ አልመሰለኝም። እዚህ እንኳ ምን አስዋሸኝ?

ጥቅምት 6

ማኪናው ቀደም ብሎ ይሂድ አልኳቸው፣ አቶ ወልደኢየሱስን።

"ለምን?"

"ንዳድ አለ ይባላል።"

"እሱ ከታመመ ሌላ እንፈልጋለን። ጎንደር ላይ አዝማሪ ጠፍቶ ያውቃል?" ብለው ሳቁ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድሜ ነው ብላቸው ሾፌሩን ያን ሰዓት ይልኩት ነበር። አላልኳቸውም።

ጥቅምት 10

ትናንት ከቆላ ድባ የመጣ ነጋዴ፣ የአዝማሪው ሚስት ረቡዕ ተቀበረች አለ። ዛሬ ለማንም ሳልናገር ወረድኩ።

ገብሱ ደርሶ ቆሟል፣ አጫጅ የለም። ከብቱ ያለ ጠባቂ እህል ውስጥ ገብቷል። የየቤቱ በር ዝግ ነው፣ ከውስጥ ግን ሲያቃስቱ ይሰማል። ጥሩን ሦስት ሰው ነው የቀበራት። ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለም፤ መቆፈር የሚችል ጉልበት ያለው አልነበረም።

ክንዱ መደቡ ላይ ተኝቷል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከደጅ ሰምቼዋለሁ።

"ጥቅምት ሃያ ደረሰ እንዴ?" አለኝ።

"አልደረሰም። ቀደም ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ቀደም ብለህ..." አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥሩን ከቀበሩት ጋር ሆነን እስከ መንገዱ በቃሬዛ አወጣነው። ከዚያ በጭነት ማኪና፣ እህል ጆንያ ላይ አስተኝቼ።

ጥቅምት 11

ሐኪም ቤቱ በር ላይ በላቸው መዝገብ ይዞ ቆሟል። አስታማሚ የሌለውን አንቀበልም፣ ውሃ እንኳ የሚሰጠው የለም አለ።

"አስታማሚው እኔ ነኝ።"

"ምንህ ነው?"

ክንዱ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

"የአዳራሹ አዝማሪ" አልኩ።

ማን ሊሰማኝ? መሪጌታው የሉ፣ ሰብለ የለች። እኔና በላቸው ብቻ። ክንዱም።

ኪኒን ሰጠኝ፣ ቦታ ግን አልነበረም። አዳራሹ ወስጄ ከመድረኩ ኋላ ባለችው ክፍል አስተኛሁት።

ጥቅምት 13

ለሰብለ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። አባቴን፣ ስሙን፣ ውሸቱን... ሁሉንም። መልቀሟን አላቋረጠችም።

"ልምጣ ብሎህ ነበር?"

"ብሎኛል።"

"መቼ?"

"በመስቀል ማግስት።"

"ምን አልከው?"

"ቤቱ ጠባብ ነው።"

ያን ጊዜ ነው እጇ የቆመው። ገብሱ ወዳለበት ክፍል አየች።

"እኔን ሳትጠይቀኝ" አለች። "የእኔን ክፋት አንተው ወሰንክልኝ።"

ነጠላዋን አድርጋ ወጣች። አባቷ ጋ የሄደች መስሎኝ ነበር። ያገኘኋት አዳራሹ ነው፤ የክንዱን እግር በሞቀ ውሃ ታሻለች። "ወደ ቤት እንውሰደው" አለችኝ፣ ሳታየኝ። ገብሱን ደጅ አውጥተን አስገባነው።

ጥቅምት 16

ኪኒኑ አልያዘለትም። ሽንቱ ጠቁሯል። በላቸው ቤት ድረስ መጥቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ከሰዓት ትንሽ ነቃ።

"አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል?"

"አራት መቶ።"

"የጓጓችለት ጥሩ ነበረች። እኔስ ድንኳንም ጠጅ ቤትም ለምጃለሁ..."

"አያ ክንዱ፣ ይቅር በለኝ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ያልሰማኝ መሰለኝ።

"እስቲ መጀመሪያ ልዳን" አለ።

ጥቅምት 17

አልዳነም። ጧት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።

ጥቅምት 18

ቀበርነው። ምንህ ነው ሲሉኝ ወንድሜ ነው አልኩ። ለእያንዳንዱ። አሁን ምን ይጠቅመዋል? መሪጌታው መጡ፣ ፍትሐቱን ቆሙ፤ እኔንም ሰብለንም ሳያናግሩ ሄዱ። ሰብለ ከኋላቸው አየቻቸው። አልተከተለቻቸውም።

ጥቅምት 21

አቶ ወልደኢየሱስ አፅናኑኝ። "ምነው ያኔ ብትነግረኝ?" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ማስታወቂያው ላይ የሱን ስም በሌላ አዝማሪ ስም ቀይረው አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ሌላ ሰው ሸፈነው። የሰውየው ጽሕፈት አያምርም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ትርኢቱ ሆነ። በሩ ላይ ቆሜ ሰው አስገባሁ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ማርሹ ሲጀምር በመንገዱ ቃሬዛዎች ያልፉ ነበር፣ ሦስት ተከታትለው። ተሸካሚዎቹ አንዱን አሳርፈው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። አንደኛው "ሠርግ ነው?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት። ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ።

ቦታ እንዳጡ ያስታውቃል። ገብቼ ለአቶ ወልደኢየሱስ በጆሯቸው፣ አዳራሹን ለሕሙማን እንስጥ አልኳቸው። "ከትርኢቶቹ በኋላ" አሉ። እንዲወጡና ራሳቸው እንዲያዩ ለመንኳቸው። ወጡ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት እዚያው ደረጃው ሥር ሞታ ነበር።

ጥቅምት 25

የቀሩት ሁለት ትርኢቶች ተሰረዙ። አቶ ወልደኢየሱስ ማስታወቂያዎቹን ራሳቸው ሲቀድዱ አየሁ። አግዳሚዎቹን ሁለት ሁለት አገጣጥመን አልጋ አደረግናቸው። እስከ ማታ ሰባ ሦስት ሰው ገባ።

በላቸው ኪኒን ይዞ ወደ ደምቢያ ሊወርድ ነው። ጸሐፊ ይፈልጋል። እሄዳለሁ አልኩ።

ኅዳር 7

ደምቢያ ከገባን ዘጠነኛ ቀናችን። በላቸው ኪኒን ይሰጣል፣ እኔ ስም እጽፋለሁ። የታመመ፣ የሞተ፣ የቀረ።

ዛሬ የክንዱ ሰፈር ደረስን። ቤቱን አልፌው ሄድኩ። ከሱ ቀጥሎ ያሉት እማማ ታየች ብቻቸውን ቀርተዋል። ስማቸውን ስጽፍ አዩኝ፣ አዩኝ...

"አንተስ የማን ልጅ ነህ?"

"የአዝማሪ አላምረው። የክንዱ ወንድም ነኝ።"

"የጎንደሩ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኛ ወደ ደጋ ልንነሳ ስንል አብራችሁን ኑ ብለናቸው ነበር። ጥሩ እሺ አለች፣ እሱ እምቢ አለ። ወንድሜ ቤት ጠብቦት ነው እንጂ፣ ቦታ እንዳገኘ ቀኑን ሳይጠብቅ ያስመጣናል፤ መጥቶ ቢያጣን ይቀየመኛል ይላት ነበር። እነሱን ስንጠብቅ እኛም ቀረን።"

እነማን ናቸው 'እኛ'? አልጠየቅሁም። መዝገቡ ላይ፣ በእሳቸው ቤት ሥር፣ የሞቱ አራት ብዬ ጽፌያለሁ።

እማማ ታየች እጃቸውን ለኪኒኑ ዘረጉ። ውሃ ቀድቼ አጠጣኋቸው። ነገ ተመልሼ አያቸዋለሁ። በላቸው ከደጅ ይጠራኛል፤ በሚቀጥለው ቤት አምስት ሰዎች አሉ።