ጋሽ ዳልኬን ከላይ ማውረድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ 2007 ዓ.ም. ጠዋት 2 ሰዓት

መብራት አለ። ኔትወርክ ደካማ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ከፈትኩ፤ ደንበኛ ገና ነው። ድረ ገጻችንን በስልክ ሞከርኩ። ሻዬን ጨረስኩ፤ የወጣው የጋሽ ዳልኬ ግንባር ብቻ ነው። ቀሪው ፊታቸው እየመጣ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ስህተቱ የራሳችን ነው። የአካባቢውን ሰው ጦማርና ፖድካስት አንድ ቦታ እንሰብስብ ብለን ስንጀምር፣ ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ ተነሳ። እንደ ዱቡሻው ይሁን ተባባልን። ሽማግሌዎች ለዳኝነት ሣሩ ላይ ሲሰበሰቡ በዕድሜ ይቀመጣሉ፤ እኛም በዕድሜ ደረደርን። ከየስሙ በላይ ትልቅ ፎቶ። አጨበጨብን። አሁን ከላይ ያሉት ጋሽ ዳልኬ ናቸው፤ ከጻፉ ዓመት አልፏል። የመጨረሻዋ የምዕራብ ዓባያዋ ማርታ ናት። በየሳምንቱ ስለ ሙዝ ገበያ በጋሞኛ ቀድታ ትልካለች። እሷ ጋ የሚደርስ የለም።

ከሰዓት። ማርታ ደወለች። ገበሬዎቹ ገጹ አይከፈትልንም ይሏታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ታቆማለች። አላባበልኳትም። አስተካክላለሁ አልኳት። አስተካክላለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሰይፉ መጣ። የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ገጹን የሠራው እሱ ነው። ዕቅዱ ቀላል። ፎቶዎቹ ይውጡ። ያ ሁሉ ምድብ ሁለት ይሁን፤ የሚነበብና የሚደመጥ። የማይከፈቱ ሊንኮች ይሰረዙ። ከሁለቱም ይሁን፣ አዲስ የገባው የፊት ገጹ ላይ ከላይ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ነስሩ ከጎን ሱቁ ሆኖ ይሰማል። ስልክ ይሸጣል፤ ፖድካስቶቻችንን ለሰው በሚሞሪ ካርድ የሚጭነውም እሱ ነው።

"እትዬ አስቴር፣ ገጻችሁ ከፈጠነ እኔ ምን ልብላ?"

ሙዝ አልኩት።

ሰይፉ አሁኑኑ ልቀይረው አለ። ከለከልኩት። ጋሽ ዳልኬ ሳያውቁ አይሆንም። አብዛኞቹን ጦማሪዎች ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ተቀይመው ከተነሱ ተከትለዋቸው ይነሳሉ። ባዶ ገጽ ቢፈጥን ምን ይረባል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጋሽ ዳልኬ ጋ ዶርዜ ወጣሁ። ብርድ። ጋሽ ዳልኬ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ዛሬም ሲያዩኝ "ተነሺና መልሺ" የሚሉ ይመስለኛል። ነገሩን አላዞርኩም።

"ታዲያ እኔ የት ልሆን ነው?"

"ካልጻፉ ታች።"

"ከዚያች ከማርታ በታች?"

"ከማርታ በታች።"

"የማን ልጅ ናት?"

ነገርኳቸው። አባቷንም አስተምረዋል፤ ሰነፍ ነበር አሉ። ከዚያ ተቆጡ። ይህን አንቺና ሰይፉ አትወስኑትም፣ ሁሉም ተቀምጦ ይነጋገርበት፣ እንደ ደንቡ። በደንቡ ደግሞ ድምፅ ቆጠራ የለም፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ ነገሩ አያልቅም።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነበር። ቤት ስደርስ ትክክል ናቸው አልኩ። በደንቡ የሰቀልናቸውን በደንቡ እናውርዳቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ ት/ቤት ግቢ፣ ሣር ላይ ተቀመጥን። በዕድሜ። በየተራ ተናገሩ፤ ማንም ማንንም አላቋረጠም። ሁሉም ጋሽ ዳልኬ ከላይ ይቆዩ አለ። ማርታ እንኳ አንገቷን ደፍታ ይቆዩ አለች። ሰይፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አስቱ፣ ቀይረን ይቅርታ ብንጠይቅ ይሻል ነበር" አለኝ።

ተራዬ ደረሰ። ንግግር አላደረግኩም። ሁላችሁም አሁን በስልካችሁ የማርታን ክፈቱ አልኩ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። የአንዱ ቆመ። የአንዱ ሂሳብ አለቀ። ጋሽ ዳልኬ ያገኙት ራሳቸውን ነው፣ እሱም እስከ አፍንጫ። "ይህን ፎቶ ማን አነሳኝ?" አሉ። ሳቅ ሆነ።

ማርታ ስልኳ ላይ ያለውን ቅጂ ከፈተችላቸው። ገዥው ሚዛን ሲይዝ እጁን ሳይሆን እግሩን እዩ እያለች በጋሞኛ ትናገራለች። እስከ መጨረሻው ሰሙ። አላመሰገኗትም። ወደ እኔ ዞሩ።

"አዲስ የጻፈ ከላይ ይሆናል አልሽ?"

"ይሆናል።"

"ማንም ቢሆን?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አውርዱኝ። ሰኞ እመለሳለሁ።"

ሌላ የሚቃወም አልተገኘም። ማስታወሻዬ፣ አሸነፍኩ አልልም። ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ጠዋት። ሰይፉ ትናንት ለውጦታል። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ነጭ፣ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ፊት የሌለበት። ወደድኩት። ጋሽ ዳልኬም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ስለ ተራሮቹ ስም የጻፉት ገብቷል። ረጅም ነው። ጥሩ ነው። ከላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት። ማርታ የሳምንቱን ላከች። ወዲያው ጋሽ ዳልኬ ደወሉ። ሰኞ ሰኞ እንደምትልክ ሰው ነግሯቸዋል። የልጅቷን እስከ ነገ ያዢልኝ፣ የሰፈሬ ሰው ገና አላየኝም፣ አንድ ቀን እንኳ ልቀመጥበት አሉ። ቁጣ ቢሆን አውቅበት ነበር። ለመኑኝ። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ።

10 ሰዓት። አሰብኩበት። የሙዙ መኪና ነገ ንጋት ላይ ይጭናል። ገበሬው ዋጋውን ዛሬ ካልሰማ ገዥው የጠራለትን ተቀብሎ ያስጭናል። የጋሽ ዳልኬ ጽሑፍ ግን ሁለተኛም ሆኖ ይነበባል።

የማርታን ለቀቅኩት። እሷ ከላይ፣ ጋሽ ዳልኬ ቀጥሎ። ከሌላ ሰው አይሰሙትም፤ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ደወልኩ። እየጠራ ነው። አነሱ።