ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ወገዳ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት ገብርኤል

የልጄ የደሳለኝ መርዶ በደረሰኝ ቀን የሱን ኮምፒውተር በራሱ በልጄ ጋቢ ሸፈንሁት። እህቱ ትርንጎ ስትሠራበት እንኳ ጋቢው አይነሳም። ደሳለኝ ሲዘምር የቀዳው ድምፁ እዚያ ውስጥ ነው፤ በሙት ዓመቱ ለዘመድ ላሰማው ነው የማስቀምጠው።

ዛሬ ትርንጎ፣ «እማ፣ ይሄ ነገር እንደ ኤሊ ይጎተታል» ብላ ፕሮሰሰርና ራም የምትላቸውን የውስጥ ዕቃዎቹን ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ ባንዴ አስሮጠቻቸው። ስልክ ላይ አይታ ነው እንጂ ሞክራው አታውቅም። ጥቂት ቆይቶ ጋለና ድርግም አለ። የልጄ ድምፅ ጠፋ ብዬ ጮህሁ።

«ጋቢሽ ነው ያፈነው!» አለችኝ ደግሞ።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ምን አስቸኮለሽ? ወንድምሽ እንደሆነ የትም አይሄድብሽ!»

ይህ ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትሁ።

ጋቢውን ገፈፍሁት። እሷም የጨመረችበትን ፍጥነት እንዲረሳ የውስጡን ትንሽ ባትሪ ነቅላ መለሰችና በድሮ ፍጥነቱ እየተጎተተ ተነሳ። ድምፁ አለ፣ ተመስገን። «አሁን ትንሽ ብቻ ልጨምርበት?» አትለኝም! አንገሸገሸችኝ። የመብራት ገመዱን ነቅዬ ወገቤ ላይ ከመቀነቴ ጋር ጠምጥሜዋለሁ። ትምጣና ትፍታው።

ይህን ጽሑፌን የሚያገኝ ቢኖር፣ ልጄን በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ብሎ በጸሎቱ ያስብልኝ።